የመጀመሪያው ረድፍ

ሌባ እንደገባብኝ ያወቅኩት በአውራ ጣቴ ነው። እሁድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሞተሬን በጨርቅ ስወለውል የኋላ ፍሬን መርገጫዋ ላይ ያለችውን ቡሎን ዳበስኳት። የዚያች ቡሎን ራስ በአንድ በኩል ተጨፍልቋል፤ የጨፈለቅኳትም እኔው ነኝ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት በማይገጥማት መፍቻ ስታገላት። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ እጄ ከዓይኔ ይቀድማል፤ ሱፉ ንጹሕ ይሁን ድብልቅ ሳላየው እናገራለሁ። በዚያን ዕለት አውራ ጣቴ ጭፍልቁን አገኘው፤ ግን አላመነውም። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቡሎኗ ቦታዋ ላይ አለች፣ ዝገቷም አለ፣ ጭፍልቋም አለ። ጠርዙ ግን አይቧጥጥም፤ በመፍቻ የተጨፈለቀ ሳይሆን በሞረድ የተበላ ነው። አንድ ሰው የኔን ቡሎን ወስዶ በቦታዋ እሷን የምትመስል አስቀምጦልኛል።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ለአንዲት ቡሎን ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ ይላል። ይሆናል። ሞተሬ በዕድሜ ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ከአባቴ ነው የወረስኳት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ብረት አንዲትም አላጎደልኩባትም።

የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ማህበር አለን። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ፣ ሥራ ባቆመ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ሞተሮቻችንን በሦስት ረድፍ እናቆማለን። ጎማ፣ ሽቦ፣ ካንዴላ የመሰለውን አላቂ ዕቃ ማንም አይቆጥርብህም። ብረት ግን ይቆጠራል። አንድም ብረት ያልተቀየረባት ሞተር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቆማለች፤ የተቀየረባት ሁለተኛው ላይ። ሦስተኛው ረድፍ የአዲሶቹ ነው፤ አምና ተሠርተው የአያት መልክ የተሰጣቸው፣ ክብ መብራትና ቡኒ የቆዳ ወንበር ያላቸው፣ ሲጀመርም ዘይት አንጠባጥበው የማያውቁ። እነሱን ግቢ ውስጥ ማስገባታችን ራሱ አንድ ዓመት ሙሉ አጨቃጭቆናል።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ድሮ ሰባት ነበርን። የመጨረሻው ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው አስተማሪ፣ ባለፈው ዓመት መሪውን ቀይሮ ወደ ሁለተኛው ሲዛወር ሞተሩን የገፋንለት ሰዎች ቀብር የምንሸኝ ነበር የምንመስለው። ብቻዬን መቆሜ ግን ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ሳምንቱን ሙሉ "ሱሪ አሳጥርልኝ" ስባል የምውል ሰው ነኝ፤ እዚያ ግቢ ስገባ ግን መንገድ ይለቀቅልኛል።

የዓመቱ ምርመራ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መርማሪዋ ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲመረምሩ የኖሩ ሴት፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አንዲት የውሸት ቡሎን ካገኙ ቃል ሳያወጡ በአገጫቸው ወደ ሁለተኛው ረድፍ ያመለክታሉ። እዚያ ከሄድክ መመለስ የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጥርስ ሐኪሙን ነው። ከአዲሶቹ አንዱ የእሱ ነው። በመጣ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሬን ይዞራታል፤ ባለፈው ወር ደግሞ "እንዲህ ያለ ብረት ዛሬም ይገኛል?" ብሎ ጠይቆኛል። የውሸት እርጅና በገንዘቡ የገዛ ሰው እውነተኛውን ቢሰርቅ ምን ይገርማል? ስለዚህ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ክሊኒኩ ሄድኩ። ምንም አላመመኝም። ሐሳቤ ዳር ዳር እያልኩ አፉን ማስከፈት ነበር።

የተከፈተው የኔ አፍ ነው። ወንበሩ ላይ አጋድሞኝ መብራቱን ሲያበራ ፊቱ ጭፍግግ አለ። "ይሄኛው እንዴት ሳያምዎት ቆየ?" አለኝ። መልስ ሳላዘጋጅ መርፌው ድዴ ውስጥ ነበር። ከዚያ ጥጥ ጎሰጎሰብኝና ድዴ እስኪደነዝዝ ጨዋታ ጀመረ።

"ሞተርዎ እንዴት ናት? ከሦስት ወር በፊት እኮ ባለቶርኖው ጋ ጎራ ብዬ የፍሬን ዘንጓን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ታስራ አየኋትና ደነገጥኩ። ያቺን በሽቦ የተጠመጠመች ጫፏን ስለማውቃት ነው። ምን ሆነች ስለው ጨርቅ ጣል አደረገባት።"

"እ?" አልኩ። ማለት የቻልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

"አይናገሩ፣ ጥጡ ይወድቅብዎታል።"

ልመረምር ገብቼ ተመርምሬ፣ አንድ ጥርስ ጎድሎብኝ ወጣሁ። ጥርሱ ግን ትዝም አላለኝ። ባለቶርኖው፣ ብረት ቀራጩ፣ የኔ ሚዜ ነው። አርባ ዓመት እጅና ጓንቲ ሆነን የኖርን ሰዎች ነን። አባቴ ሲሞት ከእኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ብረት አሳይተህ ከማሽኑ ፊት ካስቀመጥከው መንታውን ሠርቶ ይሰጥሃል፤ በጨውና በሆምጣጤ አዝጎ ሃምሳ ዓመት ያስረጀዋል። ይህን ሲሠራ ስንት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ስቄያለሁ። ለሌላ ሰው ሲሠራ ማለቴ ነው።

መንገዱን አጋምሼ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝና ቆምኩ። ሞተሬ የምታድርበት ጋራዥ ይቆለፋል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሌላው የባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ቤቱ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ "ከኋላህ አልቀመጥም" ብላ በታክሲ ነበር የምትከተለኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ሳልለምናት ትወጣለች፣ ወገቤን ታቅፋለች። ሞተሯን እንደገና ወደደችልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ግን ለምን አልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ራት ስናነሳ "ነገ ጨርቅ ልትገዛ ትሄዳለህ አይደል?" ትለኛለች። ስንት ማክሰኞ እንዳለችኝ ልብ አላልኩትም ነበር። የሹራቧን እጅጌ ደግሞ አሸተትኩት፤ አፍሬ አልደብቅም፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ከማንጠልጠያው ላይ አውርጄ አሸተትኩት። የማሽን ዘይት ይሸታል።

ወጥመድ አጠመድኩ። የልብስ ሰፊ ወጥመድ ነው፤ ጥቁር ክር ጥፍር በምታህል ርዝመት እየቆረጥኩ ከየቡሎኑ ሥር ወሸቅኩ። መፍቻ ከነካው ክሩ ይወድቃል። ረቡዕ ዕለት ጨርቅ ልገዛ እንደሚሄድ ሰው ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና ተመልሼ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ገባሁ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከመስኮቱ የኛ ግቢ እንደ እጅ መዳፍ ይታያል።

"ጉርድ ፎቶ ነበር የፈለግኩት" አልኩት ፎቶ አንሺውን።

"አባባ፣ ጉንጭዎ እኮ አብጧል። ሌላ ቀን ቢነሱ አይሻልም?"

"ግድ የለም፣ እንዳለሁ አንሳኝ። መጀመሪያ ግን ትንሽ አየር ልውሰድ" ብዬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ብዙ አልጠበቅኩም። ሚዜዬ የሸራ ቦርሳ ይዞ መጣ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችለትና ሁለቱም ጋራዡ ውስጥ ገቡ። በሩን ለብርሃን ብለው ነው መሰለኝ አልዘጉትም። እሱ ከሞተሬ አጠገብ ተንበረከከ፤ እሷ ባትሪ ታበራለታለች። አንድ ነገር ፈታ፣ ከቦርሳው ሌላ አወጣ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳያት። እሷ የተፈታችውን፣ እሱ ደግሞ ያወጣትን ይዘው አስተያዩ። አንድ ነገር አላትና ሳቀች። ውኃ አመጣችለት። ሲነሳ ጉልበቱን አሞት ኖሮ ትከሻዋን ተደገፈ፤ እሷም ክርኑን ያዘችው።

ብረቱን ቢሰርቁኝ ይቅር እል ይሆናል። ያቺን ሳቅ ግን ይቅር አልልም። ከእኔ ጋር እንዲያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ወርጄ መግባት ነበረብኝ፤ ሃያ እርምጃ አይሆንም። አልወረድኩም። እንደዚያ በቀላሉ የምለቃቸው አልመሰለኝም። ሃያ ሦስት የማህበር ሰው ባለበት፣ በምርመራው ቀን፣ እትዬ ፊት ነው የማዋርዳቸው ብዬ የፎቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶው ሲደርስ ያየሁት ፊት የኔ አይመስልም ነበር።

"ጨርቁን አገኘህ?" አለችኝ ማታ።

"የምፈልገው ቀለም ጠፋ" አልኳት። ጋራዥ ገብቼ ሳይ ሦስት ክር መሬት ላይ ወድቋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ልብስ ስፌት መኪናዬ እናውቃለን። የአንዱን ደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሚዜዬ ሐሙስ ሱቅ መጥቶ "ምነው ጠፋህ?" ሲለኝ "ሥራ" አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ። እሱም ዓይኔን ያላየኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ይህንንም ማስረጃ አድርጌ ያዝኩት።

የምርመራው ዋዜማ ቅዳሜ ሚዜዬ ሥራ ሊያደርስ ከተማ ዳር እንደሚሄድ ሰምቼ ቶርኖ ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው እንደ ቤተሰብ ያውቀኛል፤ "ግቡ፣ ይጠብቁት" አለኝ። ማሽኑ ሥር፣ ከብረት ፍቅፋቂው ጀርባ፣ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ስከፍተው የኔ ብረቶች እያንዳንዳቸው ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ቡሎኗ፣ የኋላ ፍሬን ዘንጉ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባቸው ሁለት ብረቶች። በየጨርቁ ላይ በሚዜዬ የተንጋደደ ጽሕፈት ስማቸውና የተፈቱበት ቀን ተጽፏል። ለገዥ አዘጋጅቶ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ቆርቆሮውን ጥቅል ጨርቅ እንደሚሸከም ሰው ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። ባለቤቴ ፀጉር ቤት ነበረች። የውሸቶቹን ፈትቼ ቆሻሻ የሚሰበስበው ጋሪ ላይ ጣልኳቸውና የራሴን አንድ በአንድ መለስኩ። የፍሬን ዘንጉን ስወለውለው መታጠፊያው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ጥፍሬን አሳለፍኩባት፤ ጥፍሬን ያዘችው። ስልሳ ዓመት የሠራ ብረት መስመር ቢያወጣ ምን ይገርማል፣ የኔስ ግንባር መች መስመር አጣ አልኩ። ቡሎኗን ሳጠብቃት አውራ ጣቴ ጭፍልቋን አወቃት፤ እንባዬ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ትክክል የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ባለቤቴ አዲሱን ፀጉሯን በሞተር ቆቡ እንዳይጨፈለቅባት እያማረረች ከኋላዬ ወጣች። "ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ፣ ዛሬ እኮ እኔም ለምርመራ የምቀርብ ነኝ" ብላ አሾፈችብኝ። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ሲያልቅ ዋናው ጎዳና ላይ ይወርዳል። የፊት ፍሬኗ ለስሙ ነው ያለው፤ ያቺን ቁልቁለት የምወርዳት በኋላው ብቻ ነው። ታች ስንደርስ ግንድ የጫነ መኪና ከቀኝ መጣ። ረገጥኩ። ቆመች። መኪናው አፍንጫችን ሥር ሲያልፍ ባለቤቴ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ "ጎበዝ" አለችኝ። ሞተሯን ይሁን እኔን አላውቅም።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ተሰብስቧል። ሞተሬን ብቻዋን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አቆምኩ። የጥርስ ሐኪሙ ጉንጬን ከሩቅ አየና "ዳነ?" አለኝ። ሚዜዬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እትዬ ትንሿን መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ያቺ መዶሻ ለማህበሩ ሕግ አታስፈልግም፤ ከአውቶቡስ ሥራቸው የተረፈች ልማድ ናት። ብረቱን ሁሉ ካዩ በኋላ ዝም ብለው መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጣሉ።

ከመጀመራቸው በፊት እጄን አነሳሁ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር" አልኩ። የማፈርበትን ሁሉ ተናገርኩ። ብረቶቼ በስውር ተቀይረውብኝ እንደነበር፣ ማን እንደሠራቸው፣ ማን በር እንደከፈተለት፣ ከየት እንዳገኘኋቸው። ሚዜዬን በጣቴ አሳየሁት። ባለቤቴን አላሳየሁም፤ ግን ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። "ዛሬ ግን" አልኩ፣ "እነዚህ የምታዩአቸው እውነተኛዎቹ ናቸው። ትናንት በእጄ መልሻቸዋለሁ።"

ሚዜዬ ይክዳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን የኔን ክስ የሰማ አልመሰለም። ከግድግዳው ተላቀቀና "መልሰሃቸው ነው የመጣኸው?" አለኝ። ከዚያ ባለቤቴን አያት፤ እጇ ላይ ያለውን ቆብ አየ። "እሷን ጭነህ?"

እትዬ ተንበርክከው ቡሎኗን መቱ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። የእግር ማሳረፊያውን መቱ፤ አንደኛው ጮኸ፣ ሁለተኛው እንደ እንጨት ጠቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ የፍሬን ዘንጉን መቱ። ድምፅ አልነበረውም። ሁለተኛ መቱና መዶሻቸውን አስቀምጠው በሁለት ጣታቸው መታጠፊያውን ይዘው ወደ ጎን ጫን አሉት። ዘንጉ ተሰበረ። ኃይል አልጨመሩም፤ ክር የሚበጥሱ ነበር የሚመስሉት። የስብራቱ ፊት ከአራት እጅ ሦስቱ ጥቁር ነው፣ የቆየ ስንጥቅ፤ የሚያብረቀርቀው ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነበር። ከቤት እስከዚህ ያደረሰን እሱ ነው።

"ሁሉም ብረት የፋብሪካ ነው" አሉ እትዬ ሲነሱ። "የመጀመሪያው ረድፍ ይገባሃል።" ይህን ሲሉ ፊቴን አላዩም። ስብርባሪውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ሄዱ።

ግንድ የጫነው መኪና ዓይኔ ላይ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መጥታ ፊቴ ቆመች። የተቆጣች አትመስልም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነግሬሃለሁ። ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ብረቱ ይጮሃል ስልህ ድሮም ይጮሃል አልከኝ። እሱም ነግሮሃል፤ አንድ ወር አኮረፍከው። አንተን ከሞተሯ ላይ ማውረድ ሲያቅተኝ ሞተሯን ከሥርህ ቀየርኳት። ምን ላድርግ?"

"እኔ ልጥላቸው አልቻልኩም" አለ ሚዜዬ ከኋላዋ። "አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ አስቀመጥኳቸው። ጥፋቴ እሱ ነው።"

ባለቤቴ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። "እንዴት አወቅክ?"

"ረቡዕ አየኋችሁ። ከፎቶ ቤቱ መስኮት።"

"አየኸን?" አለች። ትንሽ አሰበች። "አይተኸን ነው እንግዲህ ዝም ያልከው። ሃያ እርምጃ ነው። ለምን አልገባህም? ምን እያደረጋችሁ ነው ብትለን እኮ እንነግርህ ነበር።"

ቶሎ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ለሞተሯ አዝኜ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ማንኛውንም ነገር። አንገቴን ደፋሁ፣ ከዚያ ሳላስበው ወደ ሚዜዬ አየሁ፣ ከእሱ ወደ እሷ። አንዲት የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ ናት። ባለቤቴ ግን አርባ ዓመት ፊቴን ስታነብ የኖረች ሴት ናት።

"እ" አለች። ቀስ ብላ፣ አሁን ገና እንደገባት። "እሱን ነው እንዴ ያሰብከው?"

ሚዜዬ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው። ከዚያ በኋላ እኔን አላየኝም።

"ዛሬ በዚያ ፍሬን ሞቼም ቢሆን ኖሮ ለብረቱ ነው እል ነበር" አለች ባለቤቴ። "ሰው ያብዳል፣ ለሚወደው ነገር ያብዳል፤ ያን ይዤ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ይሄኛውን ግን የት አደርገዋለሁ?"

ቆቧን የሞተሯ ወንበር ላይ አስቀምጣ በእግሯ ወጣች። የጥርስ ሐኪሙ "ላድርስዎት" ብሎ ተከተላት፤ እጇን አወዛውዛ መለሰችው። ሞተሬን እዚያው ትቼ ተነሳሁ። ቁልቁለት የወረድነውን መንገድ ዳገቱን ይዛ ትወጣለች፣ እኔ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እከተላታለሁ። ስትቆም እቆማለሁ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ስትሄድ እሄዳለሁ። አጠገቧ ሄጄ የምላት ነገር ስፈልግ ቤት ደረስን፤ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም።